«ሃይዌይ»ን ለጀመረው አባቴ

አባዬ፣

አንተ ከሄድክ ወዲህ በረዶ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። የመጀመሪያውን ያየሁት አይመስለኝም። ለቅሶ ደራሹ በራችን ላይ ጫማውን ሲያራግፍ፣ እኔ ሻይ ሳቀርብ አለፈ። የዘንድሮውን ግን በአንተ አካፋ ራሴ ጠረግሁት። እጀታው ሲሰነጠቅ በጥቁር ፕላስተር የጠቀለልክበት ቦታ እንዳለ ነው። እዚያ ላይ ስይዘው እጄ አይንሸራተትም።

እንዴት ነህ ብዬ አልጀምርም። መልሱን የማላውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ትቻለሁ፤ በትምህርቴም እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። ይልቅ የቤቱን ልንገርህ።

የፔንብሩክ ሜዶውሱ ቤታችን አልተሸጠም። በየሳምንቱ ፖስታ ሳጥናችን ውስጥ «ቤትዎን እንግዛዎ» የሚል ወረቀት ይገባል። ካልጋሪ በነዳጅ ሰክሯል፤ ዳውንታውን ከሕንፃው ክሬኑ ይበዛል። ቤዝመንቱን ከምሥራቅ ጠረፍ ለሥራ ለመጣ አንድ ወጣት አከራይተነዋል። ሁለት ሳምንት ሰሜን በነዳጅ ካምፕ ይሠራል፣ አንድ ሳምንት እኛ ጋ ይተኛል። እማዬ በሩን እያንኳኳች ሾርባ ትሰጠዋለች፤ የሚገባቸው ቋንቋ ግን በመሃላቸው የለም። ለእሱ ቦታ ለመልቀቅ የቤዝ ጊታርህን አምፕሊፋየር ወደ ላይ አወጣነው፤ አሁን ሳሎን መስኮቱ ሥር ነው። እማዬ የአበባ ማስቀመጫ አድርጋበታለች። የቤተ ክርስቲያን ሰው መጥቶ ሲጠይቃት «ያው ጠረጴዛ ነው» ትላለች። ግን ቅዳሜ ጠዋት ቤት ስታጸዳ፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ካበሰች በኋላ ቀጥላ የምታብሰው እሱን ነው። አይቻታለሁ።

እኔ ሕጉን ጨርሻለሁ። ዳውንታውን አንድ የጠበቆች ቢሮ ውስጥ ልምምድ ላይ ነኝ። «አንቺ ሰላም ስትዪ እንኳን ሰው ቃሉን የሰጠ ይመስለዋል» ትለኝ ነበር። አሁን ለዚያው ደሞዝ ይከፍሉኛል።

ይህን ሁሉ የምዘበዝበው የመጣሁበትን ላለመጀመር ነው። አባዬ፣ ባለፈው እሁድ ሰው ፊት አዋረድኩህ። ያደረግሁትም አንተን ልከላከል ተነሥቼ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶህ ባለበት በኩል ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ።

ከሥሩ ልንገርህ።

የባንዳችሁ፣ የ«ቦው ዳር ባንድ»፣ ወዳጆች እሁድ ከሰዓት በኋላ ፎረስት ላውን ሰፈር፣ ያው በድሮው አዳራሽ፣ የባንዱን መታሰቢያ እናደርጋለን አሉ። ምሳ ይበላል፣ ሰው የሚያስታውሰውን ይናገራል፣ ከባንዱ የቀሩት ትንሽ ይጫወታሉ። እማዬ ከቸርች ስመለስ እመጣለሁ ስትለኝ ማመን አቃተኝ። እናንተ ስትጫወቱ አንድም ቀን ያን አዳራሽ ረግጣ አታውቅም። «ባልሽ ለዓለም ይጫወታል» የሚሏትን የቸርች ሴቶች ስትሰማ ዝም ትላለች፤ ለእነሱም አትመልስም፣ አንተንም አትወቅስም። ቅዳሜ ማታ ቤዝህን ይዘህ ስትወጣ ግን ሶፋው ላይ ተደግፋ ትንበረከክና መንገዱ ደህና እንዲሆን ትጸልይ ነበር። ለአንተ ብቻ አይደለም፣ ከሩቅ ለሚመጡትም ጭምር።

ከዚያ ፖስተሩን አየሁ። የሐበሻ ሱቁ መስታወት ላይ ተለጥፏል። ዘፋኛችሁ ጋሼ ዘሪሁን ማይክ ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ከሥሩ በትልቁ «ዘሪሁን ከነባንዱ» ይላል። ከነባንዱ፣ አባዬ! ቤት ከነዕቃው ይከራያል እንደሚባለው። አንተ ከመጋረጃውና ከወንበሩ ጋር ነህ። ቀብርህ ላይም እንዲሁ ነበር፤ ስለ አንተ ይናገሩ ተብለው ተነሥተው ስለ ራሳቸው ድምፅ አውርተው ተቀመጡ። ያን ቀን እንባዬ አስችሎኝ ነበር። ፖስተሩ ላይ ግን አላስቻለኝም። ባለሱቁን ማርከር ለምኜ «አያሌው፣ ቤዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ባዶ ቦታ ስላልነበረ ጋሼ ዘሪሁን ደረት ላይ ጻፍኩት። ባለሱቁ አየኝና «ይሁን፣ ለመታወቂያ ይሆናቸዋል» አለ።

እሁድ ስሄድ የሄድኩት ስምህን ላስመልስ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። ይህን ያዝልኝ።

አንተ ሁልጊዜ ያን ነገር ከመድረክ ላይ ሆነህ ነው ያየኸው። ከታች ምን ይመስል እንደነበር ነግሬህ አላውቅም፤ አሁን ልንገርህ። ሁሉም ሰው ወደ ሰሜን ለነዳጅ ሥራ ሲጎርፍ አንተ «ልጄን በስልክ አላሳድግም» ብለህ የከተማ አውቶቡስ መንዳትህን ቀጠልክ። ጋሼ ዘሪሁን ግን ፎርት ማክመሪ ካምፕ ነበሩ። ቅዳሜ ሺፍታቸውን ሲጨርሱ በፒክአፕ ያን ሁሉ መንገድ ነድተው በቀጥታ ወደ አዳራሹ ይመጣሉ። በጊዜ ከደረሱ እንደ ማንኛውም ባንድ ነበራችሁ፤ ዘፈን፣ ጭብጨባ፣ ዘፈን። ካልደረሱ አንተ ትጀምራለህ።

አንድ ድምፅ ብቻ ነው፣ በወፍራሙ ክር። ሰው ገና ኮቱን እያወለቀ ነው። ያንኑ ድምፅ ትደግመዋለህ፤ ከዚያ የሆነ ነገር ረስቶ ወደ ቤት እንደተመለሰ ሰው ትተኸው ትሄዳለህ። ሰው ወሬውን ያቆማል። ትመለስበታለህ። ድራመሩ አፉ ውስጥ ያለችውን ስቴኪኒ አውጥቶ ጆሮው ላይ ሲሰካት ሁላችንም እናውቃለን፤ ችክችካው ሊገባ ነው። ኪቦርዱ ይከተላል። ትዝታ ነው ብለን ስንተክዝ ሳናውቀው ባቲ ሆኗል። ባቲ ነው ብለን ትከሻችንን ስናነሣ አንቺሆዬ ላይ ነን። የሚዘፍን የለም። አንተ ሕዝቡን አታይም፤ ዓይንህ ከኋላ፣ መስታወት ያለበት በር ላይ ነው። በሩ ተከፍቶ ብርዱ ሲገባ፣ ጋሼ ዘሪሁን በካምፕ ጫማቸው ብቅ ሲሉ፣ አንገትህን አንዴ ነቅነቅ ታደርጋለህ። ባንዱ በሙሉ አንድ ላይ ይታጠፍና ዘፈኑ ደጃፍ ላይ ይቆማል። እሳቸውም ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ በሕዝቡ መሃል እየተራመዱ ይጀምሩታል።

ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ሰዎቹ «ሃይዌይ» ብለው ስም አወጡለት። ርዝመቱን አይተው ይመስለኝ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከጎንህ እቀመጣለሁ። ቀይ መብራት ላይ ስትቆም ጣቶችህ መሪው ላይ ገና እየተጫወቱ ነው። «አባዬ፣ ዛሬ ያ መሃል ላይ ያደረግኸው ምንድን ነው?» እልሃለሁ። «ምን አደርጋለሁ፣ ዘሪሁን እስኪመጣ ጊዜ ስገድል ነበር» ትለኛለህ። ሌላ መልስ ሰጥተኸኝ አታውቅም። አማርኛ እንዳልረሳ ጮክ ብዬ እንዳነብ የምታደርገኝ፣ አንድ ቃል ሳጣምም የማታልፈኝ ሰው ነበርክና ቃልህን ሁሉ እንዳለ እወስደው ነበር። ይኼንንም እንዳለ ወሰድኩት።

እሁድ ዕለት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ብዙዎቹ ሸብተዋል፤ ልጆቻቸውን ይዘው የመጡም አሉ። ለምሳ ሰልፍ ይዘው ሳይቀር ይከራከራሉ። ረጅሙ «ሃይዌይ» የቱ ነበር? አንዱ እዚሁ የተጫወታችሁት ነው ሲል ሌላው «አንተ በኤሪን ውድስ ሰፈሩ ሰርግ አልነበርክማ!» ይለዋል። ሙሽሮቹ ኬክ ቆርሰው፣ ውጪ ወጥተው ፎቶ ተነሥተው ሲመለሱ አንተ ገና ባቲ ላይ እንደነበርክ ይምላል። ያን ሰርግ እኔም አስታውሰዋለሁ። አዲሱ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ ስለነበር በባዶ እግሬ ስጨፍር አይተኸኝ በቤዙ ጎርበጥ ያለች ነገር አደረግህ፣ እንደ ማነከስ ያለች። ማንም አላወቀም። እኔ ግን የሰደብከኝ ገብቶኝ ምላሴን አወጣሁብህ።

አንድ ባለታክሲ ተነሥቶ፣ ደንበኛ ይዞ ወደ ኤርፖርት ሲሄድ «አንድ ደቂቃ ብቻ» ብሎ በር ላይ ፓርክ እንዳደረገ ተናገረ። የካውቦይ ባርኔጣ ያደረገው ፈረንጅ ሊቆጣው ተከትሎት ገብቶ፣ ቀርቶ፣ አውሮፕላኑ አመለጠው። በሳምንቱ ያው ፈረንጅ ደውሎ «እነዚያ ሰዎች መቼ ነው እንደገና ዘፈኑን የማይጀምሩት?» አለው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት ነርስ ደግሞ ፍቅረኛዋን ልትተወው ቆርጣ መጥታ ነበር። ዘፈኑ ሲጀመር እነግረዋለሁ ብላ ስትጠብቅ፣ ዘፈኑ አልጀመር ሲላት ሐሳቧ ተለወጠ። «ይኸው፣ ልጆቻችን ውጪ በረዶ ይጫወታሉ» አለች። ባሏ ከኋላ «ጉድ የሠራኝ አያሌው ነው!» ብሎ ጮኸ።

አየህ፣ ስምህ እየተነሣ ነበር። ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በራሳቸው አፍ። ጆሮ ቢኖረኝ ኖሮ የሄድኩበት ጉዳይ እዚያው አልቆ ነበር። እኔ ግን ገና ፖስተሩ ላይ ነበርኩ።

ከዚያ ጋሼ ዘሪሁን ማይክ ያዙ። ክራቫት አድርገው፣ ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው። «ሃይዌይን እንዴት እንደፈጠርኩት ልንገራችሁ» አሉ። «ልጆቹን፣ እኔ እስክገባ ሕዝቡን አሙቁልኝ እላቸው ነበር። አውቄ ነው። ዘፋኝ መናፈቅ አለበት።» ሰው አጨበጨበ። እማዬም አጨበጨበች፤ አባዬ፣ እማዬም!

ጭብጨባው ሳያልቅ መድረኩ ላይ ነበርኩ። ማይኩን ተቀበልኩ አልልም፣ ነጠቅሁ። «ጋሼ ዘሪሁን፣ አንድ ጥያቄ» አልኩ። «ሃይዌይ ሲጀመር እርስዎ የት ነበሩ?» ክራቫታቸውን ነካ ነካ አደረጉ። «ልርዳዎት? የትኛው ማደያ ነበሩ?» ጥቂት ሰው ሳቀ። «ሬድ ዲር ከተማ፣ ገና መንገድ ላይ ነበሩ ጋሼ። ሬድ ዲር ቁጭ ብሎ ካልጋሪ ያለውን ባንድ የሚመራ ሰው ከእርስዎ በቀር አላየንም።» ሳቁ ጨመረ። የሳቸው ፊት ግን እንደ ታጠበ ጨርቅ ሆነ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ የምጽፍልህ የድል ደብዳቤ ነበር። ግን ሳቁ ጣፈጠኝ። ሰው ሲጣፍጠው ማቆሚያ ያጣል፤ አንተ ታውቀዋለህ፣ አንተ ግን በቤዝ ነበር። ወደ ሕዝቡ ዞሬ «እናንተም አትታለሉ» አልኩ። «ጥበብ፣ መንፈስ፣ ምናምን የምትሉት ነገር አልነበረም። አባቴ ራሱ ነግሮኛል። ዘፋኙ ስለዘገየ ጊዜ ሲገድል ነበር። በቃ! አባቴ በር በሩን እያየ ሰው ሲጠብቅ፣ እናንተ ጨፈራችሁ።»

ነርሷ ባሏን አየችው። ባለታክሲው ኮፍያውን አወለቀና ውስጡን ማየት ጀመረ፣ የሆነ ነገር የጠፋበት ይመስል። እማዬ ጓንቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጣት ጣቱን ታስተካክላለች፤ ቀና አላለችም። ያኔ ገባኝ። ድንጋዩን ያነሣሁት ለጋሼ ዘሪሁን ነበር። የመታሁት አንተን ነው። ዕድሜህን ሙሉ ከሠራኸው ነገር ሁሉ፣ ሰዎች ይዘውት የቀሩትን አንዱን ነገር፣ ልጅህ ተነሥታ ምንም አልነበረም አለች።

እትዬ አስካለን ታስታውሳቸዋለህ። ሁልጊዜ ከፊት በስተግራ፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው። አሁን ቤት ያሻሽጣሉ፤ ፎቷቸው በየአውቶቡስ ፌርማታው ወንበር ላይ ተለጥፎ ሰው ሲቀመጥበት ይውላል። ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ያለ ማይክ ተናገሩ።

«የኔ ልጅ» አሉኝ፣ «ይሄን እኛ የማናውቅ መሰለሽ?»

ማይኩ ገና በእጄ ነበር።

«ሃይዌይ ያልነው ለምን ይመስልሻል? ዘሪሁን ሃይዌይ ላይ ስለሆነ እኮ ነው!» ሰው መሳቅ ጀመረ፤ ይኼኛው ሳቅ ሌላ ነበር። «ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ፊቴን ሳልታጠብ የማየው የአየሩን ነገር ነበር። የበረዶ ስቶርም አለ ከተባለ ትኬት ያልቃል።» ከኋላ አንዱ «መንገድ ተዘጋ የተባለ ለት እኔ ሺፍቴን ካንስል አድርጌያለሁ!» አለ። «በረዶ ጣል፣ ጣል እያልን እንጸልይ ነበር፤ ጌታ ይቅር ይበለን» አሉ እትዬ አስካለ። «ዘሪሁንዬ፣ አትቀየመን። ክፉ አልተመኘንልህም። በሰላም ይግባ ነው ያልነው። ብቻ ቀስ ብሎ።»

አባዬ፣ ሰዎቹ ያውቁ ነበር። አንተ ስትጫወት እነሱም እየዞሩ በሩን ያዩ ነበር፤ እኔ የጓጉ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰግተው ኖሯል። በሩ እንዳይከፈት ነበር የሚያዩት።

እማዬ ሳቀች። መጀመሪያ በጓንቷ አፏን ይዛ፣ በኋላ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። የምትስቅበት ገባኝ። እሷ ሶፋው ጋ ተንበርክካ መንገዱ እንዲከፈት ስትለምን፣ እነሱ ደግሞ እዚህ እንዲዘጋ ሲለምኑ፣ ጌታን ቅዳሜ ቅዳሜ መሃል ላይ አቁመውት ኖረዋል።

ማፈር ሰው ሲቆጣህ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም። እትዬ አስካለ «ነይ ምሳሽን ብዪ» አሉኝ። ነርሷ ፈገግ አለችልኝ። ያ ነው የገደለኝ። ቢሰድቡኝ እመልስ ነበር፤ መመለስ አውቃለሁ። ማይኩን ወንበር ላይ አስቀምጬ ኮቴን ሳልይዝ በጓሮ በር ወጣሁ።

ጋሼ ዘሪሁን ቀድመውኝ ወጥተዋል። ፓርኪንጉ ውስጥ፣ ፒክአፓቸውን አስነሥተው ተቀምጠዋል፤ መስኮቱን ግን ከፍተውታል። ሌላ አቅጣጫ ልይዝ ስል በእጃቸው ጠሩኝ። «ግቢ፣ ብርድ ነው» አሉ። ገባሁ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ አልወጣ አለኝ። አጥፍቻለሁ፤ ግን እሳቸውም አጥፍተዋል።

«ልክ ነሽ» አሉኝ ፊት ለፊት እያዩ። «ማይክ ሲሰጡኝ እዋሻለሁ። የዘፋኝ አመል ነው። አባትሽ ያውቅልኝ ነበር።» ቀጥለውም «ግን ሬድ ዲር አልነበርኩም» አሉ።

ዞሬ አየኋቸው።

«መጀመሪያ መጀመሪያ እውነት ዘግይቻለሁ። በኋላ ግን በጊዜ እደርስ ነበር። እዚሁ፣ እዚችው ቦታ ፓርክ አደርጋለሁ። መስኮቴን ከፍቼ እሰማለሁ። እኔ ስገባ ያልቃል እኮ የኔ ልጅ። ማን ይገባል?»

አንተስ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ሳቁ። አንድ ቀን ስትጨርስ በጆሯቸው ጠጋ ብለህ «ከእንግዲህ ስትመጣ የመኪናህን መብራት አጥፋ፣ በበሩ መስታወት ይገባል። ድራመሩ ካየው ያቆምብኛል» ብለሃቸዋል።

አባዬ! ጊዜ ስገድል ነበር እያልክ መሪውን በጣቶችህ የምትመታው፣ ያን መብራት አይተህ፣ አንገትህን ሳትነቀንቅ ቀርተህ ነው? እየሳቅህብኝ ነበር። እኔ ደግሞ የሳቅህበትን ቃል እንደ ማስረጃ ተሸክሜ ስምህን ለያዙት ሰዎች አነበብኩባቸው። መልሱን የማታውቂውን ጥያቄ አትጠይቂ ብለው ያስተማሩኝ ሰዎች፣ አውቀዋለሁ ስለምለው መልስ ምንም አላስተማሩኝም።

ፖስተሩን ግን አልለቀቅኳቸውም። አንተ ብትሆን ትለቅ ነበር፤ እኔ አንተ አይደለሁም። «ፖስተሩን እኔ አልሠራሁትም» አሉ። «አይተው ዝም ብለዋል» አልኩ። «አዎ፣ ዝም ብያለሁ።» ከዚያ «ደረቴ ላይ ጽፈሽው የለ? አይቼዋለሁ። አይበቃም?» አሉኝ። አይበቃም አልኳቸው። የሚቀጥለው ላይ ስምህ በሕትመት እንዲወጣ፣ «ከነባንዱ» የሚባል ነገር እንዳይኖር አስማልኳቸው። ማሉልኝ፤ ያለ ማይክ ስለሆነ አመንኳቸው። ያኔ ይቅርታው ከአፌ ወጣ። ለእሳቸው የምለው መስሎኝ ነበር። ስጀምረው ግን «ይቅር በለኝ» ሆኖ ወጣ፣ ለአንተ እንደምለው። ጋሼ ዘሪሁን አላረሙኝም።

በመሃል ከውስጥ አንድ ድምፅ ተሰማ። ወፍራም፣ ብቻውን። ቤዝ የሚይዝ ስለሌለ ኪቦርዲስቱ በግራ እጁ ጀምሮታል። ደገመው። ተወው። ተመለሰበት፤ ችክችካው ገባ። የአንተን ያህል አልነበረም አልልህም፣ የአንተን ያህልም ነበር አልልህም። መንገዱ ግን የአንተ ነበር። ትዝታው ባቲ ሲሆን ጋሼ ዘሪሁን እጃቸውን ወደ መኪናው በር ሰደዱ፤ የስንት ዓመት ልማድ ነው፤ እየጠበቁኝ ነው ብለው።

የአዳራሹ በር ተከፈተ። እማዬ ነበረች፣ ኮቴን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ። አየችን። ጋሼ ዘሪሁን ሊወርዱ በሩን ገርበብ ሲያደርጉ መዳፏን አነሣችና ቁሙ አለች። በቸርች ጫማዋ በረዶውን እየረገጠች መጣች፤ ኮቴን ሰጠችኝ፤ የኋላውን በር ከፍታ ገባች። ጫማዋን አወለቀች፤ እግሯን ከሥሯ አጠፈች። ቤዝህን ይዘህ ከቤት ስትወጣ ያየችህ ሴት፣ የተጫወትከውን ገና ያን ዕለት መስማቷ ነበር።

«መስኮቱን እንዳትዘጉት» አለች። ከዚያ ደግሞ «ጋሼ ዘሪሁን፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩ። አይግቡ።»

አልገቡም። ውስጥ ያሉትም ዘፋኙ የት ጠፋ ብሎ የሚፈልግ አልላኩም። የመኪናውን መብራት ጋሼ ዘሪሁን እጃቸውን ዘርግተው አጠፉት።

አባዬ፣ ስላንተ ከእንግዲህ አልከራከርም አልልህም፤ ውሸት ይሆናል። ስምህን የሚዘል ሰው ካየሁ ማርከሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ግን አንተን ትንሽ አድርጌ ሌላውን አልመታም። ስለ ራስህ በቀልድ የተናገርከውን እንደ ቀልድ፣ ያልተናገርከውን እንደ ሰማሁት እይዛለሁ። ይህን ቃል ሰጥቼህ ከፎቶህ ፊት ዛሬ ጠዋት ቆሜያለሁ። ፊቴን አላዞርኩም።

ቅዳሜ ስቶርም ይመጣል ይላሉ። አካፋህን በር ጋ አስቀምጬዋለሁ። እማዬ እንደ ልማዷ ሶፋው ጋ ትንበረከካለች፤ እኔም ዘንድሮ ከጎኗ እሆናለሁ። በመንገድ ላይ ላሉት ሁሉ፣ ከካምፕ ለሚመጣው ለቤዝመንቱ ልጅም፣ እንጸልያለን። በሰላም ይግቡ እላለሁ። ቀጥሎ ደግሞ፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በረዶ በጣለ ቁጥር የማልረሳትን ያቺን ቃል እጨምርልሃለሁ፦ ብቻ ቀስ ብለው።

ልጅህ፣
ሰብለ